ከሻጋታ የሚገኝ ገበያ፤ የሶተርን ወይን ጠጅ ለምን ይወደዳል?

እህል ሲሻግት ነጋዴ ይከስራል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው የሶተርን መንደር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የዚች መንደር ገበሬዎች የሚጨነቁት የወይን ፍሬያቸው ሳይሻግት የቀረ እንደሆነ ነው።

ሶተርን ከቦርዶ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሲሮን በተባለ ትንሽ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረች፣ ነዋሪዎቿ 1 ሺህ እንኳ የማይሞሉ የገበሬ መንደር ናት። ይሁንና ስሟን ቦም፣ ፋርግ፣ ፕሬኛክና ባርሳክ ለተባሉ አራት ጎረቤቶቿ አጋርታ በዓለም ገበያ ውድ ከሚባሉት ጣፋጭ የወይን ጠጆች አንዱን ታቀርባለች። ለመሆኑ ይህ ዋጋ ከየት መጣ?

የወንዙ ድርሻ

ሲሮን የሚፈሰው ዛፍ በጋረደው ሸለቆ ውስጥ በመሆኑ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ሞቅ ካለው ከትልቁ የጋሮን ወንዝ ጋር ሲገናኝ በመስከረምና በጥቅምት ማለዳዎች ጉም ይነሳል። ጉሙ በወይን ማሳዎቹ ላይ ተኝቶ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ይገፈፋል።

የማለዳው እርጥበት ቦትራይቲስ የተባለውን ሻጋታ በፍሬው ልጣጭ ላይ ያበቅላል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ደግሞ ሻጋታው ፍሬውን ጨርሶ እንዳያበሰብሰው ይገታዋል። ልጣጩ ስለሚበሳሳ የፍሬው ውኃ ይተናል፤ ስኳሩ ግን ተጠራቅሞ ይቀራል። ዝናብ ከበዛ ፍሬው ይበሰብሳል፤ ጉሙ ካልመጣ ደግሞ የሚፈለገው ጣፋጭነት አይገኝም። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ምርቱን ለአየሩ አስይዞ ይጠብቃል ማለት ነው።

የወጪው ስሌት

ፍሬው ውኃውን ሲያጣ የሚጨመቀው መጠን ያንሳል። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀው የሶተርን ስያሜ ደንብም ከአንድ ሄክታር ከ25 ሄክቶ ሊትር በላይ እንዲመረት አይፈቅድም። ይህም 2,500 ሊትር ወይም 3,300 ጠርሙስ ገደማ ነው። በአካባቢው ታዋቂ የሆነው ሻቶ ዲኬም ደግሞ በአማካይ ከአንድ ሄክታር የሚያገኘው 9 ሄክቶ ሊትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ወደ ጠርሙስ ሲመነዘር ከ1,200 አይበልጥም።

በዚህ ላይ የጉልበት ዋጋ አለ። ፍሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይሻግት ለቃሚዎች ወደ አንዱ ማሳ በሳምንታት ውስጥ ደጋግመው እየተመለሱ የደረሰውን ብቻ በእጅ ይለቅማሉ። ሌላው አምራች በአንድ ዙር የሚጨርሰውን ሥራ የሶተርን ገበሬ አራት አምስት ጊዜ ይከፍልበታል። ዓመቱ ከከፋም ወጪው ወጥቶ ገቢ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ሻቶ ዲኬም በ1992 እና በ2012 (እ.ኤ.አ.) የተለቀመው ወይን ደረጃውን አያሟላም ብሎ በስሙ አንድም ጠርሙስ ለገበያ አላቀረበም። በ2021 ጸደይ የወረደው ውርጭም የአካባቢውን ምርት ክፉኛ ጎድቶታል።

የደላሎቹ ሚና

የሶተርንን ስም በገበያ ያጸናው የቦርዶ ደላሎች ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 በፓሪስ ለተካሄደው የዓለም ትርዒት ደረጃ እንዲያወጡ የተጠየቁት ደላሎች መመዘኛ ያደረጉት ለረጅም ጊዜ ሲሸጥበት የኖረውን ዋጋ ነበር። በዚህም መሠረት ዲኬምን ከሌሎቹ ሁሉ ለይተው ብቻውን ከአንደኛ ደረጃ በላይ አስቀመጡት። ያ ዝርዝር ዛሬም ይሠራበታል። በቦርዶ ገበያ ደላላው ዛሬም በአምራቹና በጅምላ ነጋዴው መካከል ቆሞ ያዋውላል፤ የተለመደው ድርሻውም ከሽያጩ 2 ከመቶ ነው።

ስሙ የሚያመጣው ዋጋ በ2011 በግልጽ ታይቷል። በዚያ ዓመት የ1811 ምርት የሆነ አንድ ጠርሙስ ዲኬም በለንደን 75 ሺህ ፓውንድ ተሽጧል።

ስጋቱ

ሆኖም ታዋቂ ስም ለሁሉም ገበሬ እኩል ገቢ አያስገኝም። ጣፋጭ የወይን ጠጅ የሚጠጣው ሰው ቁጥር እየቀነሰ በመምጣቱ አነስተኛ አምራቾች ወጪያቸውን የሚመልስ ዋጋ ማግኘት ከብዷቸዋል። በመሆኑም ብዙዎቹ ጣፋጭ ያልሆነ ነጭ ወይን ጠጅ ወደ መጥመቅ ዞረዋል። ይህ ምርት ጉም መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሕጉ በጠርሙሱ ላይ ሶተርን ብሎ መጻፍን ስለሚከለክል ስሙ የሚያመጣውን ተጨማሪ ዋጋ ያስቀራል።

ሁለተኛው ስጋት ወንዙን ራሱን ይመለከታል። ከቦርዶ ወደ ቱሉዝ የሚዘረጋው የፈጣን ባቡር መስመር የሲሮንን ሸለቆ አቋርጦ እንዲያልፍ ታቅዷል። መንግሥት መስመሩን በ2016 ለሕዝብ ጥቅም የሚውል ሥራ ብሎ አጽድቆታል፤ የጠቅላላው ፕሮጀክት ወጪም ወደ 14 ቢሊዮን ዩሮ ተገምቷል። የወይን አምራቾች ዛፉ ከተመነጠረና ሸለቆው ከተነካ ውኃው ይሞቃል፣ ጉሙም ይሳሳል ብለው ይቃወማሉ። ፕሮጀክቱን የሚደግፉ ወገኖች በበኩላቸው መስመሩ ቱሉዝን ከፓሪስ እንደሚያቀራርብና ለክልሉ ንግድ እንደሚበጅ ይናገራሉ።

ባቡሩ የሚያመጣው ገቢ በቲኬትና በጭነት ሊሰላ ይችላል። የማለዳው ጉም ግን በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ንብረት አልሰፈረም። የሶተርን ገበሬዎች ክርክርም የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።