ለጥቃቅን የእንጨት ቀዳዳዎች የሚሆን መሰርሰሪያ አመራረጥ፡- ከሞተሩ ጉልበት በፊት አፉን መመልከት

የእንጨት ሥራ ሲነሳ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በር፣ መስኮት፣ ጠረጴዛና አልጋ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ሙያው ከእነዚህ እጅግ የረቀቁ ሥራዎችንም ያካትታል፡፡ የመቁጠሪያ ዶቃ፣ የጌጣጌጥ ሣጥን ማጠፊያ፣ የሥዕል ፍሬም፣ ለሕፃናት ትምህርት የሚውሉ የእንጨት መጫወቻዎችና የሕንፃ ሞዴሎች ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ስፋት ያለው ቀዳዳ ይፈልጋሉ፡፡

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ማሠልጠኛ ወይም ማምረቻ የሚሆን መሣሪያ በመንግሥት በጀት ሲገዛ የግዥ ፍላጎት መግለጫው “የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ 13 ሚሊ ሜትር” በሚል አጭር ሐረግ ብቻ ከተዘጋጀ፣ መሥሪያ ቤቱ ሕግና መመሪያን ተከትሎ የገዛው ማሽን ለተፈለገው ሥራ ጨርሶ የማይሆን ሆኖ ሊገኝ ይችላል፡፡ ማሽኑ አዲስና ጤነኛ በመሆኑ በንብረት መዝገብ ላይ በሥራ ላይ እንዳለ ይመዘገባል፡፡ ሠልጣኙ ግን ፑንታ ከመስበርና እንጨት ከመሰንጠቅ ያለፈ ልምምድ አያገኝበትም፡፡ በመሆኑም መግለጫውን የሚያዘጋጁ፣ የሚያጸድቁና ዕቃውን የሚረከቡ ሠራተኞችና ኃላፊዎች ጉዳዩን በቅጡ መረዳታቸው የመንግሥትን ሀብት ከብክነት ይታደጋል፡፡

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በመሰርሰሪያ ላይ የሚጻፈው 10 ወይም 13 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር የሚያመለክተው ፑንታውን ጨምድዶ የሚይዘው የማሽኑ አፍ፣ ማለትም ቻኩ፣ ሊይዝ የሚችለውን ትልቁን ውፍረት ነው፡፡ ስለ ትንሹ የሚናገረው ነገር የለም፡፡ በቻኩ አካል ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ፡፡ ለምሳሌ “1.5-13” የሚል ጽሑፍ ያለበት ቻክ ከ1 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፑንታ ለመያዝ የተሠራ አይደለም፡፡

ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ አሜሪካዊው አርተር ጃኮብስ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኙበት አሠራር ውጤት ነው፡፡ ቻኩ በቁልፍ ሲጠብቅ ሦስቱ መንጋጋዎች እኩል ወደ መሐል እየተጠጉ ፑንታውን ይይዛሉ፡፡ በትልቅ ቻክ ላይ ግን መንጋጋዎቹ እስከ መጨረሻው ተጠግተውም በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፡፡ ቀጭን ፑንታ በዚህ ክፍተት ውስጥ ይሾልካል፤ አለበለዚያም በሁለት መንጋጋዎች መካከል ተሸጉጦ ከመሐል ውጭ ይያዛል፡፡

ቀጭን ፑንታ ለምን ይሰበራል?

የመጀመሪያው ምክንያት ቅጥነቱ ራሱ ነው፡፡ የአንድ ዘንግ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ በ16 እጥፍ ይቀንሳል፡፡ ስለሆነም 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፑንታ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ጠንካራ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፡፡ በአንጻሩ ከቻኩ ውጭ የሚታየው የፑንታው ርዝመት በግማሽ ቢያጥር የመጉበጥ መጠኑ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፡፡ ፑንታውን ለቀዳዳው ጥልቀት የሚበቃውን ያህል ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ወደ ቻኩ ማስገባት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሁለተኛው ምክንያት የአዟዟር መወላገድ ነው፡፡ ቻኩ ፑንታውን በትክክል መሐል ላይ ካልያዘው የፑንታው ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ መዞሩን ትቶ ትንሽ ክብ ይሠራል፡፡ የመወላገዱ መጠን 0 ነጥብ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለ10 ሚሊ ሜትር ፑንታ የውፍረቱ አንድ መቶኛ በመሆኑ የሚያስከትለው ችግር እምብዛም አይታወቅም፡፡ ለ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ግን የውፍረቱ አንድ አሥረኛ ይሆናል፡፡ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፑንታው በእያንዳንዱ ዙር ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ይሰበራል፡፡

ሦስተኛው የፍጥነት ማነስ ነው፡፡ በደቂቃ 3 ሺህ ጊዜ በሚዞር ማሽን ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ፑንታ የጠርዝ ፍጥነት በደቂቃ 94 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ፍጥነት ግን ከ9 ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል፡፡ ጉዳዩን የበለጠ ግልጽ ለማድረግ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ በ2 ሰከንድ ውስጥ ተሠራ እንበል፡፡ ማሽኑ በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ከሆነ ፑንታው በእነዚህ 2 ሰከንዶች 20 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በመሆኑም በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር እንጨት ለመቁረጥ ይገደዳል፡፡ በደቂቃ 12 ሺህ ጊዜ የሚዞር ከሆነ ግን 400 ጊዜ ስለሚዞር በአንድ ዙር የሚቆርጠው 0 ነጥብ 025 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፡፡ እንደ ወይራ ባለ ጠንካራ እንጨት ላይ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፡፡

ከእነዚህ ነጥቦች መረዳት እንደሚቻለው ለጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞተሩ ጉልበት ዋነኛ መመዘኛ አይደለም፡፡ ቀጭን ፑንታ የሚፈልገው ጉልበት አነስተኛ ነው፡፡ ዋናዎቹ መመዘኛዎች የቻኩ ትንሹ የመያዝ አቅም፣ የአዟዟሩ ቀጥተኛነትና የማሽኑ ፍጥነት ናቸው፡፡

ያሉት አማራጮች

ቀላሉና ርካሹ አማራጭ እርሳስ የሚያክል፣ በጣቶች እየተሽከረከረ የሚሠራ የእጅ መሰርሰሪያ ነው፡፡ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ እጅግ ቀጫጭን ፑንታዎችን ይይዛል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፡፡ ለጥቂት ቀዳዳዎችና ለጀማሪ ሠልጣኞች ተስማሚ ቢሆንም በመቶ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎችን ለሚጠይቅ ምርት ግን አዝጋሚ ነው፡፡

ሁለተኛው አማራጭ ትንሽ ቻክ ገዝቶ በነባሩ ማሽን ትልቅ ቻክ ውስጥ ማስያዝ ነው፡፡ ይህ አዲስ ማሽን ከመግዛት ያድናል፡፡ ይሁን እንጂ የትልቁ ቻክ መወላገድ በትንሹ ላይ ስለሚደመርና የማሽኑ ፍጥነትም ስለማይለወጥ እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ሊታይ ይገባል፡፡

ሦስተኛው በእጅ የሚያዘው ባለ ከፍተኛ ፍጥነት አነስተኛ ማሽን ነው፡፡ ይህ የማሽን ዓይነት በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1932 በተቋቋመው የድሬመል ኩባንያ ስም ጭምር የሚጠራበት ጊዜ አለ፡፡ አንዳንዶቹ ማሽኖች በደቂቃ እስከ 35 ሺህ ጊዜ ይዞራሉ፡፡ ፑንታውን የሚይዙት ኮሌት በሚባል የተሰነጠቀ ቀለበት ሲሆን፣ የተለመዱት የኮሌት መጠኖች 0 ነጥብ 8፣ 1 ነጥብ 6፣ 2 ነጥብ 4 እና 3 ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር ናቸው፡፡ ኮሌት ፑንታውን ዙሪያውን አቅፎ ስለሚይዝ አዟዟሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ኮሌት ከመጠኑ ብዙም የማይርቅ ፑንታ ብቻ ስለሚይዝ ሙሉውን ስብስብ መግዛት ያስፈልጋል፡፡

አራተኛው ከ0 ነጥብ 3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚይዝ ትንሽ ቻክ የተገጠመለት አነስተኛ የጠረጴዛ ላይ የቁም መሰርሰሪያ ነው፡፡ ፑንታው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ እጅ ከሚፈጥረው መንቀጥቀጥ ነፃ ነው፡፡ ተመሳሳይ ቀዳዳ በብዛት ለሚያመርቱ ኢንተርፕራይዞችና ለማሠልጠኛ ወርክሾፖች የተሻለው ምርጫ ይኸው ነው፡፡

በፍላጎት መግለጫው ሊካተቱ የሚገባቸው

የግዥ መግለጫ ዝግጅት መጀመር ያለበት ከማሽኑ ሳይሆን ከሥራው ነው፡፡ በቅድሚያ የሚሠራው ትንሹ ቀዳዳ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ከአሠልጣኙ ወይም ከአምራቹ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ ከዚያም ቻኩ የሚይዘው ትንሹና ትልቁ ውፍረት፣ የሚፈቀደው የመወላገድ ጣሪያ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ፍጥነት፣ የፍጥነት ማስተካከያ መኖሩ፣ የ220 ቮልት ኃይል ተስማሚነት እንዲሁም አብረው የሚቀርቡ ኮሌቶች፣ ቁልፎችና መለዋወጫዎች በግልጽ መዘርዘር ይኖርባቸዋል፡፡ የንግድ ስም ከመጻፍ ይልቅ እነዚህን መለኪያዎች ማስቀመጥ ውድድሩን ፍትሐዊ ከማድረጉም በላይ በርክክብ ጊዜ የማያሻማ መመዘኛ ይሆናል፡፡

ፑንታዎችም የራሳቸው ትኩረት ይሻሉ፡፡ በገበያ የተለመደው ከ1 እስከ 13 ሚሊ ሜትር፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት የተዘጋጀ ስብስብ 25 ፑንታዎችን ይይዛል፡፡ ከእነዚህ መካከል የ1 ሚሊ ሜትሩ አንድ ብቻ ነው፡፡ እርሱ በመጀመሪያው ቀን ቢሰበር ስብስቡ ለጥቃቅን ሥራ ያለው ጥቅም ያበቃል፡፡ ስለዚህ ቀጫጭኖቹን እንደ አላቂ ዕቃ ቆጥሮ በተናጠልና በብዛት መግዛት ይገባል፡፡ እጅግ ጠንካራ ከሆነው ካርባይድ የተሠሩ ፑንታዎች ስለታቸው ቶሎ ባይዶለዱምም ጎንዮሽ ግፊት ስለማይችሉ ለቁም መሰርሰሪያ እንጂ በእጅ ለሚያዝ ማሽን አይመረጡም፡፡

በርክክብ ወቅት የሚደረግ ፍተሻ

ፍተሻው ውስብስብ አይደለም፡፡ በመግለጫው የተጠቀሰውን ትንሹን ፑንታ በማስያዝ ማሽኑን ማዞርና ጫፉን በትኩረት መመልከት ቀዳሚው ነው፤ ጫፉ አንድ ነጥብ ሆኖ ከመታየት ይልቅ ደብዘዝ ያለ ክብ ከሠራ ቻኩ ወላጋ ነው፡፡ የመወላገድ መለኪያ ጌጅ ያለው ወርክሾፕ መጠኑን በቁጥር ማረጋገጥ ይችላል፡፡ በመቀጠል በጠንካራ እንጨት ቁራጭ ላይ ብዙ ቀዳዳዎችን በስቶ ስፋታቸውን ማመሳከር ይቻላል፡፡ በዚህ ጊዜ ቦታውን አስቀድሞ በወስፌ ምልክት ማድረግ፣ ከሥር ሌላ ጣውላ መደገፍ፣ ፑንታውን እየመለሱ ፍቅፋቂውን ማስወጣትና የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ተገቢ ነው፡፡ ፑንታው ሳይወርድ በአንድ ቦታ ብዙ ከዞረ እንጨቱን ያቃጥላል፤ ይህ የአጠቃቀም እንጂ የማሽኑ ጉድለት አለመሆኑንም ልብ ማለት ያሻል፡፡

ፍተሻው ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም፡፡ የርክክብ ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ሲከናወን ግን ማሽኑ በንብረት መዝገብ ላይ ከመስፈር አልፎ ለሠልጣኙና ለአምራቹ እውነተኛ አገልግሎት መስጠቱን ለማረጋገጥ ያስችላል፡፡