ገና በበረሃ፦ በረዶ የለም፣ ከሰሉ ግን አለ

ገና እየደረሰ ስለሆነ ዛሬ በተለይ ዐረብ አገር ላላችሁ፣ እዚያ ዘመድ ላላችሁም፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በገና ማግስት ከሪያድ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ዶክተር፣ ትናንት ማታ ከሥራ በኋላ አራት ሆነን ዶሮ ሠርተን፣ ቡና አፍልተን በዓሉን አከበርን። ሌሊት ሁላችንንም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዘን፣ አንዷማ ልነሳ ስትል ወደቀች። 43 ቀን ጾመን በአንዴ ቅቤ ስለበላን ይሆን?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ከጾም በኋላ በአንዴ ቅባት ሲገባ ሆድ ይረበሻል። ግን ተቅማጥ የለ፣ ቁርጠት የለ፣ ትኩሳት የለ። ደግሞ በር ከፍተው ኮሪደር ላይ ሲወጡ ቀለል አላቸው። «የቡናው ከሰል የት ነበር?» አልኳት። «ብርድ ስለነበር መኝታ ክፍል አስገባነው፣ መስኮቱንም ዘጋነው።» በቃ፣ ነገሩ ገባኝ።

ብርድ? በበረሃ? አዎ። ገናን ከበረዶ ጋር ያቆራኘው ፊልም ነው እንጂ እኛም አገር በረዶ የለም፤ ፕላስቲክ ጥድ ላይ ጥጥ የምንበትነው ለዚሁ አይደል? ዱባይ በረዶ ያማረው ሰው ትኬት ቆርጦ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለው መንሸራተቻ ይገባል። ውጭው ቀን ላይ ቲሸርት ያስለብሳል። ሌሊት ግን ሌላ ነው። የበረሃ አየር ደረቅ፣ ሰማዩም ደመና የሌለው ስለሆነ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይለቀዋል። በገና ሰሞን ሪያድ ቀን 20 ዲግሪ ገደማ ውሎ ሌሊት ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል። ቤቱ ደግሞ የተሠራው ለሙቀት ነው፤ ኤሲ አለው፣ ማሞቂያ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከሰሉ ይገባል።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጉሮሮ አይከረክር። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ያኔ ልብና አንጎል እየተራቡ ይሄዳሉ። እርጉዝ ከሆነች ጽንሱ የባሰ ይጎዳል። ተኝቶ የያዘውን ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ እንኳ ላይቀሰቅሰው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» ይላል። ፍሙ ነው እኮ ዋናው! ጭስ ባይኖረውም ጋዙን ያወጣል። ዕጣን ሲጨመርበትማ ሽታው ደስ ስለሚል ክፍሉ መታፈኑንም አናስተውል። ውኃ በሳህን ማስቀመጥ፣ ሎሚ ማሽተት፣ ወተት መጠጣት... አንዱም አያድንም።

ታዲያ ቡናው ይቅር? ኧረ በፍጹም! ቡና የሌለበት ገና እኔም አይሆንልኝም። በረንዳ ካለ እዚያ፣ ከሌለ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ። ለብርዱ ብርድ ልብስ ደርቡ። ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም እንዳይተኛ። (ዶሮውንም ሌሊቱን ምድጃ ላይ አታሳድሩት፣ ፍሪጅ ይግባ።)

አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካስመለሳቸው መጀመሪያ ውጡ። መነሳት ያልቻለ ካለ ጎትታችሁ አውጡት። ከዚያ አምቡላንስ ጥሩ፦ ኢምሬትስ 998፣ ሳዑዲ 997፣ ኩዌት 112፣ አገር ቤት ቀይ መስቀል 907። የወረቀት ጉዳይ የሚያስፈራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሱ በኋላ ይታሰባል፣ ይህ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበር» ማለት አትርሱ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጋዙን ከኦክስጅን ስለማይለይ «ደህና ናችሁ» ሊል ይችላል፤ ቁርጡ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ሕክምናው በጭንብል የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በንጹሕ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

የሪያዷ እህታችን ያን ጠዋት ጓደኞቿን ይዛ ሄዳ ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ የወደቀችዋ አንድ ቀን አድራ ወጣች። ሰሞኑን «የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝተናል» ብላ ፎቶ ልካልኛለች። ዶሮው ግን ዘንድሮ ሁለት ነው አለች።

መልካም ገና!