የተቀለደባቸው ሰዎች ሲመለከቱት

በኤፕሪል 2014 በካሊፎርኒያዋ ሬድውድ ሲቲ አንድ አዲስ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለጥሪ እንግዶች ቀድሞ ሲታይ ኢሎን መስክ ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበር። (የዚህ ጽሑፍ ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መስክ ካየው በኋላ ቅር መሰኘቱን ከጋዜጠኞች አልደበቀም። የድራማው ፈጣሪ ማይክ ጀጅ በኔቫዳ በረሃ በየዓመቱ የሚካሄደውን በርኒንግ ማን የተባለ ፌስቲቫል ረግጦት የሚያውቅ አይመስለኝም አለ። ያን ያላየ ሰው የቴክኖሎጂ ሠፈሩን ሰዎች ሊያውቃቸው አይችልም ማለቱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቢል ጌትስ ስለዚያው ኮሜዲ ሲጽፍ ፍርዱ ተቃራኒ ሆነ። የዛሬውን ሲሊከን ቫሊ አሠራር ከልቡ መረዳት የፈለገ ሰው ይህን ድራማ ይመልከት ሲል መከረ።

የኮሜዲው ርዕስም «ሲሊከን ቫሊ» ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ እስከ ሳን ሆሴ የተዘረጋውን፣ አፕልና ጉግል የተወለዱበትን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ኑሯቸውን የመሠረቱበትን አካባቢ ስም ወርሷል። ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከ2014 እስከ ዲሴምበር 2019 ድረስ በስድስት ሲዝን 53 ክፍል አሳይቶታል። ታሪኩ የሚያጠነጥነው ሪቻርድ ሄንድሪክስ በተባለ ዓይናፋር ፕሮግራመር ላይ ነው። ሪቻርድ ፋይሎችን ጥራታቸው ሳይጓደል እጅግ ወደ አነሰ መጠን የሚጨምቅ አልጎሪዝም ይሠራል። ሁሊ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር ልስጥህና ሽጥልኝ ይለዋል። አንድ ባለሀብት ደግሞ 200 ሺህ ዶላር ልስጥህ፣ 5 በመቶ ድርሻ ስጠኝና ኩባንያህን ራስህ አቋቁም ይለዋል። ሪቻርድ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ ምርጫ መዘዝ ነው።

የመስክ ነቀፋ ጀጅን የውጭ ሰው አድርጎ የሚያይ ነው። ጀጅ ግን በፊዚክስ የተመረቀ ሰው ነው፤ በ1987 እዚያው ሲሊከን ቫሊ በአንድ ጀማሪ ኩባንያ በመሐንዲስነት ተቀጥሮ ሦስት ወር ሳይሞላው ጥሎ ወጥቷል። የቢሮ ኑሮን አሰልቺነት ያሳየበት «ኦፊስ ስፔስ» የተሰኘው የ1999 ፊልሙም ከዚያው ዓለም የተቀዳ ነበር። ከመጀመሪያው ተባባሪዎቹ ጋር፣ በኋላም ከአሌክ በርግ ጋር ሲሠራ ተመልካቾቹ እነማን እንደሚሆኑ ያውቅ ነበር። ኮድ የሚጽፍ ሰው ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን ኮድ አቁሞ ያነብባል፤ ስሕተት ካገኘ ይዘባበታል።

ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማካሪዎች ተሰለፉ። በ2015 ከትዊተር ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱ የለቀቀው ዲክ ኮስቶሎም ከጸሐፊዎቹ ጋር ተቀመጠ። ለጨመቃው ሳይንስ የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ጻሂ ዋይስማንና ተማሪው ቪኒት ሚስራ ተጠየቁ። ድራማው በውድድር መድረክ ላይ የሪቻርድ አልጎሪዝም ከሌሎቹ መብለጡን ለተራ ተመልካች በአንድ ቁጥር ማሳየት ነበረበት። እንዲህ ያለ መለኪያ ግን በዘርፉ አልነበረም። ሁለቱ ምሁራን አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ምን ያህል እንዳሳነሰና ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት የሚያዋሕድ ቀመር አዘጋጁ፤ «የዋይስማን ነጥብ» ተባለ። ተመልካች መሐንዲሶች ግን እንደ ቲያትር ቁስ አልተዉትም። ጠቀሜታውንና ጉድለቱን በቁም ነገር ተከራከሩበት፤ በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የምህንድስና መምህርም በኮርሶቹ ውስጥ እንደሚያስገባው ተናገረ። ለአንድ የሳቅ ድራማ የተፈጠረ ቁጥር ከስክሪን ወርዶ ወደ መማሪያ ክፍል አመራ ማለት ነው።

በ2016 ደግሞ በሦስተኛው ሲዝን አንዲት አጭር ትዕይንት ፕሮግራመሮችን ለሁለት ከፈለቻቸው። ኮድ ሲጻፍ መስመሮችን ከዳር ወደ ውስጥ ገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን አንዳንዶች ታብ በተባለው ቁልፍ፣ ሌሎች በስፔስ ይሠሩታል። ሪቻርድ የታብ ወገን ነው፤ አዲሷ ፍቅረኛው ደግሞ የስፔስ። እሷ የስፔሱን ቁልፍ ደጋግማ ስትመታ ድምፁን መታገስ ያቅተዋል፤ ግንኙነታቸውም በዚሁ ይፈርሳል። ሙያው ለሌለው ሰው ይህ የሞኝ ጠብ ነው። የሙያው ሰዎች ግን ጠቡን ከመቅጽበት ለዩት፤ በየመሥሪያ ቤታቸው ለዓመታት የኖረ ክርክር ነውና። ከዚያ ማረም ጀመሩ። ስፔስ የሚጠቀም ፕሮግራመር ቁልፉን አራት ጊዜ አይመታም፤ ታብን አንዴ ሲነካ የመጻፊያው ፕሮግራም ራሱ ወደ ስፔስ ይቀይርለታል አሉ። በዚያው ዓመት አንድ የጉግል ባለሙያ ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ካለው ኮድ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህል ፋይሎችን መርምሮ በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ስፔስ እንደሚያሸንፍ አሳየ። በ2017 ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች መድረክ የጥናት ውጤቱን ሲያወጣ ስፔስ የሚጠቀሙት ከታብ ተጠቃሚዎች የበለጠ ደመወዝ እንደሚያገኙ ገለጸ። የምክንያትና የውጤት ጉዳይ ሌላ ክርክር አስነሳ።

በዚያው በ2017 ድራማው ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ የምግብ ዓይነት የሚለይ መተግበሪያ ሠራሁ ይላል። መተግበሪያው ሲሞከር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ በካሜራው ፊት ያለው ሆትዶግ ነው ወይስ አይደለም። የድራማው ሰዎች መተግበሪያውን በእውነት አሠርተው ለቀቁት፤ ተመልካቾችም ስልካቸው ላይ ጭነው ያገኙትን ሁሉ ፎቶ ያነሱበት ጀመር። ቀልዱ በስልክ ላይ የሚሠራ እውነተኛ የማሽን ትምህርት ነበር፤ ብዙ ሰው ኮምፒውተር ምስልን እንዴት እንደሚለይ የተረዳው ከማስተማሪያ መጽሐፍ ይልቅ በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ቀልዱ ሁሉ ግን እንዲህ በደስታ አልታለፈም። በመጀመሪያው ሲዝን ጀማሪ ኩባንያዎች ቴክክራንች ዲስራፕት በተባለው፣ በእውኑም ዓለም በሚካሄደው የጀማሪዎች ውድድር መድረክ ላይ እየወጡ ለተራ ሰው የማይገባ የሰርቨር ሥራቸውን ይዘረዝሩና እያንዳንዳቸው ዓለምን የተሻለች እናደርጋለን ብለው ይጨርሳሉ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ክሌይ ታርቨር በ2016 ለዘ ኒው ዮርከር መጽሔት እንደተናገረው፣ በአንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ሠራተኞቻቸው ይህን ሐረግ እንዳይጠቀሙ አዝዘዋል። ሐረጉ ከአፋቸው ጠፋ ቢባልም ገንዘብ የሚሰበሰብበት መንገድ፣ የሚመረጠው ሥራና የሚመረጠው ሰው በአንድ ትእዛዝ አልተለወጠም። ድራማው የመታው አንደበታቸውን ነው፤ እነሱም አንደበታቸውን ብቻ አረሙ።

የሴቶች ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። አንዳንድ ተመልካቾች ድራማው ወንዶችን ብቻ ያሳያል ብለው ከሰሱት፤ ክሱም መሠረት ነበረው፤ ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። አንዲት ሴት ደግሞ በውድድሩ አዳራሽ ከሚታየው ሕዝብ መካከል ሴት አለመኖሯን አንሥታ ተቃወመች። አሌክ በርግ በዚያው መጽሔት ላይ እንደገለጸው፣ ያ ምስል በእውነተኛው ዝግጅት ላይ የተቀረጸ የእውነተኛ ታዳሚዎች ምስል ነበር፤ ሴቶችን ከካሜራ ያስወጣ ማንም አልነበረም። ይህ መልስ የድራማውን ጸሐፊዎች ከነቀፋው ሁሉ ነፃ አያወጣም፤ ሴት ገጸ ባሕርይን ማስፋት በእጃቸው ነበርና። አዳራሹን የሞላው ግን ዘርፉ ራሱ ነው።

እውነታው ኮሜዲውን የቀደመበት ጊዜም አለ። ጁሴሮ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ በከረጢት የተዘጋጀ አትክልትና ፍራፍሬ የሚጨምቅ 400 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ማሽን ሠራ። በኤፕሪል 2017 የብሉምበርግ ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጃቸው ጨምቀው ጭማቂው እንደሚወጣ አሳዩ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ተዘጋ። ብዙዎች ይህ ከድራማው የተወሰደ ክፍል ይመስላል ያሉት ያኔ ነው።

ድራማው እየገፋ ሲሄድ የታማኝ ተመልካቾቹ ቅሬታ ሌላ ሆነ። የሪቻርድ ኩባንያ ሊሳካለት ሲል ይፈርሳል፣ ከወደቀበት ይነሣል፣ እንደገና ይፈርሳል። ይህ ዑደት ሰለቻቸው። ቅሬታው ትክክል ነው፤ በመካከለኞቹ ሲዝኖች ውድቀቱ ከመምጣቱ በፊት ይታወቅ ነበር። ጌትስም የራሱ ማረሚያ ነበረው። ድራማው ትናንሾቹን ብልህ፣ ትልልቆቹን ደካማ አድርጎ ያሳያል፤ ትንንሽ ኩባንያዎችም እንደዚያው ሊደክሙ ይችላሉ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ምርምር የሚሆን አቅም አላቸው ብሎ ጽፏል። ሆኖም ራሱን ያየው በሪቻርድ ውስጥ ነው፤ ጎበዝ ፕሮግራመር ሆኖ ሰው ማስተዳደርን በከባድ ትምህርት የሚማር ሰው።

ከሁሉ የከበደው አስተያየት የመጣው ግን ከተዋንያኑ መካከል ነው። ዲኔሽ የተባለውን ፕሮግራመር የተጫወተው ኩሜይል ናንጂያኒ በትውልድ ፓኪስታናዊ ሲሆን ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ተምሯል። ለድራማው ሲሉ ተዋንያኑ ወደ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች እየሄዱ ገና ያልወጡ ምርቶችን ይጎበኙ ነበር። ናንጂያኒ በኖቬምበር 2017 በትዊተር ባሰፈረው ተከታታይ ጽሑፍ፣ የሚያዩት አንዳንዱ ነገር እንደሚያስፈራቸው፣ ስጋታቸውን ሲያነሡ ግን ስለ ሥነ ምግባሩ ያሰበበት ሰው እንደማያገኙ ገለጸ። ሠሪዎቹ ልንሠራው እንችላለን ወይ ብለው ይጠይቃሉ እንጂ ልንሠራው ይገባናል ወይ ብለው አይጠይቁም አለ። የተዘጋጀ የማስመሰል መልስ እንኳ አለመኖሩ ነው ያስደነገጠው። ሲሊከን ቫሊ ቀልዱን ከማንም በላይ ወድዶ ተቀብሎ ነበር፤ እንግዳ ሆኖ የመጣ ተዋናይ ለጠየቀው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም።

ጸሐፊዎቹ ይህን የሰሙ ይመስላሉ። ስድስተኛው ሲዝን ሪቻርድ በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቃሉን ሲሰጥ ይጀምራል፤ ማርክ ዙከርበርግ እዚያው ከቀረበ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሆኖት ነበር። በመጨረሻው ክፍል የሪቻርድ ቡድን የሠራው ሥርዓት የዓለምን የመረጃ መቆለፊያ ሊሰብር የሚችል ሆኖ ይገኛል። ቡድኑም ሥራውን ሆን ብሎ በአደባባይ ያከሽፈዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስኬታቸውን የጠበቁ አንዳንድ ተመልካቾች በዚህ ፍጻሜ አዘኑ፤ ሌሎች ደግሞ ከድራማው ሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ይህ ነው አሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ታሪኩን እንደ ዘጋቢ ፊልም በሚያስታውሰው የዚያ ክፍል ትዕይንት ውስጥ ቢል ጌትስ ራሱን ሆኖ ቀርቦ ስለ ሪቻርድ ኩባንያ አስተያየቱን ይሰጣል።