በስም መካከል ያለች ጭረት

ሙል'አታ የተባለ የአምቦ ተማሪ ሊመዘገብ ቀረበ እንበል። የጊንጪና የጉደር ጓደኞቹ መረጃ ያለ ችግር ሲከፈት፣ በእርሱ ስም ትይዩ ያለው ቁልፍ ግን ቢጫኑት ዝም አለ። ጥፋቱ የስሙ ነውን?

አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. በይፋ መጻፊያው ያደረገው ቁቤ «ሁዻ» የምትባል ምልክት አለችው። ድምፅ በጉሮሮ ለቅጽበት መገታቱን ታመለክታለች፤ በኮምፒውተርም እንደ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ትጻፋለች። ጌጥ አይደለችም። «በል'ኣ» ሰፊ ማለት ነው፤ ሁዻዋ ስትጠፋ ግን «በላ» ይሆንና መዓትን ያመለክታል።

ሰርቨሩ ስሙን ለጃቫስክሪፕት ፈንክሽን ሲያቀብል፣ ብዙ ጀማሪዎች እንደሚያደርጉት በሁለት ነጠላ ጥቅሶች መካከል እንዳለ ይሰካዋል፦

አሳይ('ሙል'አታ')

ጃቫስክሪፕት የመጀመሪያዋን ምልክት መክፈቻ፣ ሁዻዋን ደግሞ መዝጊያ አድርጎ ያነባል። «አታ» ከጥቅሱ ውጭ ይቀራል፤ ትእዛዙም ይፈርሳል።

ሁዻዋን መሰረዝ መፍትሔ አይሆንም፤ መዝገቡና የምስክር ወረቀቱ ይለያያሉና። በኤችቲኤምኤል ምልክት በ ' መተካትም ብቻውን አይበቃም። ብራውዘሩ በቁልፉ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ያነበዋል፦ መጀመሪያ እንደ ኤችቲኤምኤል፣ ቀጥሎ እንደ ጃቫስክሪፕት። ምልክቱ በመጀመሪያው ንባብ ተፈትቶ ሁዻ ይሆናል፤ በሁለተኛው ንባብም ያው ስሕተት ይደገማል።

እንግዲህ የምናሽግበት ቅደም ተከተል የንባቡ ተቃራኒ መሆን አለበት። ካልሲ ከጫማ በፊት ይጠለቃል፤ ሲወለቅ ግን ጫማው ይቀድማል። በመጀመሪያ ስሙን በጄሰን እናዘጋጃለን፤ ፒኤችፒ ከ5.2 እትሙ ጀምሮ ለዚህ የተዘጋጀ ፈንክሽን አለው። ጄሰን ስሙን በድርብ ጥቅስ ስለሚያጥረው ሁዻዋ በውስጡ ተራ ፊደል ትሆናለች። ቀጥሎ ውጤቱን በሙሉ፣ ድርብ ጥቅሶቹን ጨምሮ፣ ለኤችቲኤምኤል እናሽጋለን። ከዚህም የሚሻል አለ፤ ስሙን ከትእዛዙ ለይቶ በቁልፉ ላይ እንደ መረጃ ብቻ ማስቀመጥና ጃቫስክሪፕቱ ከዚያ እንዲያነበው ማድረግ። ያን ጊዜ የኤችቲኤምኤሉ እሽግ ብቻውን ይበቃል።

ነገሩ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁዻ ሳታስብ የከፈተችውን በር ተንኮለኛ ሰው አስቦ ይገባበታል፤ በስም ቦታ የራሱን ኮድ ጽፎ በሌሎች ተጠቃሚዎች ብራውዘር ላይ ያስሠራል።

ስለዚህ ፕሮግራማችሁን «አበበ» በሚለው ስም ብቻ አትፈትኑት፤ በሙል'አታም ፈትኑት። የሰውን ስም አስተካክሎ መቀበል ያለበት ፕሮግራሙ ነው እንጂ፣ ስሙ ለፕሮግራሙ ሲባል መቆረጥ የለበትም።