የመረጃ ቋትን ወደ ክላውድ ከማዛወር በፊት መነሣት ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች

የደንበኞችና የሒሳብ ሰንጠረዦችን የያዘ የመረጃ ቋቱን ለክላውድ አቅራቢ የሚሰጥ ድርጅት ሰርቨር ከመግዛትና ከመጠገን ይገላገላል። ለምሥራቅ አፍሪካ ድርጅቶች ግን ከወርሃዊው ዋጋ የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

መረጃው የት ይቀመጣል? አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል በአፍሪካ ያቋቋሟቸው ዋና ዋና የክላውድ ማዕከላት በደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። ኬንያ እአአ በ2019፣ ኢትዮጵያ በ2024 ያወጧቸው ሕጎች ደግሞ ግላዊ መረጃ ድንበር የሚሻገርበትን ሁኔታ ይቆጣጠራሉ።

ክፍያው በምን ገንዘብ ነው? በዶላር ከሆነ፣ ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲመራ ሲደረግ እንደታየው፣ ወጪው በአንድ ጊዜ ሊያሻቅብ ይችላል።

መውጫው ምን ያህል ይቀላል? እንደ ፖስትግሬስ ባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ቋት ወደ ሌላ አቅራቢ ለማዛወር ይቀላል። የመጠባበቂያ ቅጂ በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ መልሶ ጭኖ መፈተሽ የደንበኛው ኃላፊነት ነው።