አራሷ ዓሣ ነባሪና ጠያቂዎቿ

ዓሣ ነባሪ በአማርኛችን «ዓሣ» የሚል ስም ይሰጠው እንጂ ከዓሣ ወገን አይደለም። በሳንባው ይተነፍሳል፤ ደሙም ሞቃት ነው። ከሁሉም በላይ ሴቷ አርግዛ ትወልዳለች፣ ጡት አጥብታም ታሳድጋለች። በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ አንድ ግዙፍ የባሕር እንስሳ ልናነሣ የወደድነውም ስለዚሁ ነው። ሰዎች ገንዘብ ከፍለውና ጀልባ ተሳፍረው ሊያዩት የሚሄዱት ትርዒት አብዛኛውን ጊዜ የእናትና የልጅ ኑሮ ሆኖ ይገኛል። አራስ መጠየቅን የምታውቁ እናቶች ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

የዓሣ ነባሪ ዓይነቱ ብዙ ነው። የዛሬው ርእሳችን በእንግሊዝኛ ሐምፕባክ የሚባለውና ወደ ጥልቁ ሲወርድ ጀርባውን የሚያጎብጠው ጎባጣው ዓሣ ነባሪ ነው። ሲያድግ ቁመቱ ከ12 እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ትንሹ እንኳ የአንድ የከተማ አውቶቡስ ቁመት አለው ማለት ነው። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። እንደ እጅ የሚያገለግሉት ሁለቱ መቅዘፊያዎችም የቁመቱን ሲሶ ያህል ይረዝማሉ።

ይህን እንስሳ ለመጎብኘት ስማቸው ከታወቁት ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኘው ስቴልዋገን ባንክ የተባለው የባሕር ክፍል ነው። በዚያ የባሕሩ ወለል ከፍ ስለሚል ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ ለትንንሽ ዓሣዎች ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ዓሣ ነባሪዎችም ዓሣዎቹን ተከትለው ይመጣሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ፕሮቪንስታውን ከተባለችው የወደብ ከተማ የጉብኝት ጀልባ መነሣት ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1992 ደግሞ ቦታው በሕግ የተጠበቀ የባሕር ክልል ሆነ።

እስቲ እናንተም በአንዲቱ ጀልባ ላይ እንዳላችሁ አድርጋችሁ አስቡ። ጀልባዋ ከወደብ ርቃ ሞተሯን ስታቀዘቅዝ አስቀድሞ የሚታየው የዓሣ ነባሪው ትንፋሽ ነው። ከውኃው ብቅ ብሎ በአናቱ ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ሲተነፍስ ጉም የመሰለ ነገር 3 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ ጀርባውን አጉብጦ ጅራቱን ወደ ሰማይ ያነሣል። ይህ ወደ ጥልቁ ሊወርድ መሆኑን ያመለክታል፤ ለበርካታ ደቂቃዎችም ላይመለስ ይችላል።

በዚያች ቅጽበት የጅራቱ የታችኛው ገጽ ይታያል። በላዩ ያለው የጥቁርና የነጭ ቀለም አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ባለሙያዎች ይህን ፎቶግራፍ እያነሡ ብዙዎቹን በስም መዝግበዋቸዋል።

ከእነዚህ መካከል ስሟ የገነነው ሶልት ናት። ትርጉሙ ጨው ማለት ነው፤ ስሙ የወጣላት በጀርባዋ ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ጠባሳ ስላላት ነው። ሶልት የታወቀችው ጉብኝቱ በተጀመረበት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1978 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አጠገብ ባለው ሞቃት ባሕር ላይ በመታየቷ፣ የሰሜኖቹ ዓሣ ነባሪዎች የብርዱን ወራት የት እንደሚያሳልፉ ለማወቅ ተቻለ። ሁለት ዓመት ቆይታ በ1980 ልጅ አስከትላ ታየች። ከዚያ ወዲህ ከአሥር በላይ ልጆች ወልዳለች፤ ከልጆቿም ለአንዳንዶቹ ታባስኮና ዋሳቢን የመሳሰሉ የሚያቃጥሉ ማባያዎች ስም ወጥቶላቸዋል። አያትም ለመሆን በቅታለች።

በጀልባው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያስጮኸው ግን ዝላዩ ነው። ያ ሁሉ አካል ከውኃው ወጥቶ፣ በአየር ላይ ተገልብጦ በጀርባው ሲወድቅ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አንዳንዴም በጎኑ ተኝቶ በመቅዘፊያው ውኃውን ይመታል፤ አለዚያም ራሱን ዘቅዝቆ በጅራቱ ደጋግሞ ያጨበጭባል። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ጨዋታ ይለዋል። ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዝላዩ የሚበዛው ሌሎቹ ዓሣ ነባሪዎች ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳሉ ነው። የጅራቱና የመቅዘፊያው ምት ደግሞ የሚበዛው ሲገናኙና ሲለያዩ ነው። በዚህም የተነሣ ተመራማሪዎቹ ነገሩን እንደ መልእክት መለዋወጫ አድርገው ይመለከቱታል።

አመጋገቡም ለጎብኚ የሚታይ ነው። ዓሣ ነባሪው ከሥር ሆኖ የአየር አረፋ እየለቀቀ ዓሣዎቹን እንደ መረብ ይከባቸዋል፤ ከዚያም አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። በ1980 በስቴልዋገን አካባቢ አንድ አዲስ ዘዴ ታየ፤ ይኸውም አረፋውን ከመልቀቁ በፊት ውኃውን በጅራት መምታት ነው። ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ቀንሶ ሌላ ቀጭን ዓሣ በበዛበት ጊዜ ዘዴው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛመተ ሄደ። በጉብኝት ጀልባዎች ላይ ለ27 ዓመታት የተሰበሰበው መዝገብ ተመርምሮ በ2013 እንደተገለጸው፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ሙያውን የተማሩት አብረዋቸው ከሚውሉት ነው። አንዷ እናት ከጎረቤቷ እያየች አዲስ የወጥ አሠራር እንደምትለምደው ዓይነት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲታይ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ እናቲቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች ማወቅ ያስፈልጋል። ጎባጣዋ ዓሣ ነባሪ 11 ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው በደቡቡ ሞቃት ባሕር ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ቁመቱ ከ4 ሜትር በላይ፣ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ነው። የሚጠባው ወተት በጣም ወፍራም ሲሆን ከሲሶው በላይ ስብ ነው። በዚያ ሞቃት ባሕር ግን ለእናቲቱ የሚበላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ አራስ ገንፎ ይገነፋላታል፤ አጥሚትም ይቀርብላታል። አራሷ ዓሣ ነባሪ ግን ለወራት ሳትበላ፣ በአካሏ ያከማቸችውን ስብ ወደ ወተት እየለወጠች ታጠባለች። ከዚያም ልጇን በጎኗ ይዛ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ትጓዛለች። ስቴልዋገን የምትደርሰው ከስታ፣ ተርባም ነው።

በዚያም ቢሆን ሥራዋ ድርብ ነው። ለራሷ ለመመገብ ወደ ጥልቁ ስትወርድ፣ እንደ እርሷ ትንፋሹን አፍኖ መቆየት የማይችለው ልጅ ላይ ብቻውን ሊቀር ይችላል። ብቻውን ይዘላል፤ ይንቦጫረቃል፤ አንዳንዴም ወደ ጀልባዋ ይጠጋል። ተሳፋሪው በደስታ ያጨበጭባል። ጀልባ ነጂው ያልተጠነቀቀ እንደሆነ ግን የሞተሩ ስለት ልጁን ሊያቆስለው ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እናቲቱ እንደ ግንድ ተንሳፋ፣ ሳትንቀሳቀስ ትታያለች። ልጇም በአጠገቧ ይሆናል። በዚህ ጊዜ «ምንም አታደርግም እኮ!» እያለ የሚያጉረመርም ጎብኚ አይጠፋም። ነጂውም ተሳፋሪውን ለማስደሰት ሲል ጠጋ ማለት ይፈልጋል። ነገር ግን እናቲቱ ዕረፍት ላይ ናት፤ ዕረፍቷም ያላትን ስብ ቆጥባ ለልጇ ወተት እንድታተርፍ የሚያስችላት ነው።

መረበሽ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ኬት ስፕሮጊስ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በምዕራብ አውስትራሊያ በኤክስማውዝ ባሕረ ሰላጤ፣ ከእናቶችና ከልጆቻቸው 100 ሜትር ርቀው የጀልባ ሞተር ድምፅ በተለያየ መጠን አሰሙ። ከሰማይም በድሮን ቀረጹዋቸው። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ድምፁ ዝቅተኛ በሆነ ጊዜ እናቶቹ ዕረፍታቸውን አላቋረጡም። ከፍተኛው ድምፅ ሲሰማ ግን የዕረፍት ጊዜያቸው በ30 በመቶ ቀነሰ፤ አተነፋፈሳቸው በእጥፍ ጨመረ፤ የዋና ፍጥነታቸውም በ37 በመቶ ከፍ አለ። በዚያው ባሕረ ሰላጤ ተካሂዶ በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት እንደገለጸው፣ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ነው። ይህም ልጁን የሚያድኑ አውሬዎች እንዳይሰሟቸው ይጠቅማቸዋል ተብሎ ይታመናል። የሚያንሾካሹኩ እናትና ልጅ ባሉበት ሞተር ሲጮኽ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ይህን ስንል ጉብኝቱ ይቅር ማለታችን አይደለም። ጎባጣው ዓሣ ነባሪ ቀድሞ ለሥጋውና ለዘይቱ ሲባል ብዙ የተጨፈጨፈ እንስሳ ነው። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም የወሰነው በ1982 ሲሆን፣ ውሳኔው በሥራ ላይ የዋለው በ1986 ነው። ዛሬ እንስሳው በሕይወት እያለ እንጀራ የሚሆናቸው የወደብ ሰዎች መኖራቸው መልካም ነው። ከላይ የጠቀስነው የ27 ዓመት መዝገብም ያለ ጉብኝት ጀልባዎቹ ባልተገኘ ነበር።

በቦስተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ወደዚያ የምትሄዱም እናቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ይህን ብታዩ ትልቅ ትምህርት ታገኙበታላችሁ። የሞቀ ልብስ አትርሱ፤ በበጋም ቢሆን ባሕሩ ላይ ይበርዳል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጀልባዋ ስንት ሜትር እንደምትርቅ ጠይቁ። በሐዋይ ደሴቶች ከ100 ያርድ፣ ማለት ከ90 ሜትር ገደማ በታች መጠጋት በሕግ የተከለከለ ነው። ጥሩ ነጂ ፍጥነቱን አስቀድሞ ይቀንሳል፤ በእናትና በልጅ መካከል አይገባም፤ ከኋላም አያባርርም። «ጠጋ በልልን» የሚል ተሳፋሪ ቢኖር እናንተ «ይበቃል» በሉ። ለልጆቻችሁም ጸጥ ብላ የተኛችው ዓሣ ነባሪ ሥራ ፈት አለመሆኗን አስረዷቸው።

አራስ ቤት ስንገባ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ ሕፃኑ ከተኛ አንቀሰቅሰውም፤ እናቲቱ የደከማት መስሎ ከታየን ቶሎ እንነሣለን። በባሕሩም ላይ ከጠያቂ የሚፈለገው ከዚህ የተለየ አይደለም።