ጉልላቱና ማእድ ቤቱ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1557 ዓ.ም.፣ ኦዝደሚር ፓሻ የተባለው የቱርክ ሹም ምጽዋን በያዘበት በዚያው ዓመት፣ ጌታው ሱልጣን ሱለይማን በኢስታንቡል ኮረብታ ላይ 7 ዓመት ሲያሳንጸው የቆየው ሱለይማኒያ የተባለው ታላቅ መስጊድ ተፈጸመ። በእኛ ታሪክ የቱርክ ስም የሚነሣው በመድፉ ነው፤ እኛ ግን ለዛሬ መድፉን ትተን ሕንፃውን እንመልከት።

ሐናፂው ሚማር ሲናን ይባላል። ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወስዶ በሱልጣኑ ጦር ውስጥ ያደገ፣ ድልድይና መርከብ በመሥራት እጁን ያፍታታ፣ ኋላም እስከ ሞተበት እስከ 1588 ድረስ 50 ዓመት ያህል የሐናፅያን አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። የሱለይማኒያ ጉልላት ስፋቱ 26 ሜትር ከመንፈቅ፣ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ቁመት 53 ሜትር ያህል ነው። ጉልላቱ የተሠራበት ጡብ ሲጫኑት የሚችል፣ ሲስቡት ግን የሚላቀቅ ነገር ነው፤ ጉልላትም ወደ ታች ብቻ ስለማይጫን፣ ታችኛው ጠርዙ ዘወትር ወደ ውጭ ሊፈረጥጥ ይሻል። ይህን ለማስተዋል ከወሎው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ በወሎ ገጠር የሣር ክዳን ያለው ክብ መስጊድ ሲሠራ ያየ ሰው፣ የጣሪያው እንጨቶች እግራቸውን ወደ ውጭ እንደሚገፉ፣ ሠሪውም ማገሩን ዙሪያውን በልጥ ደጋግሞ የሚጠፍረው ስለዚሁ እንደሆነ ያውቃል።

ድንጋይ ግን በልጥ አይታሰርም። ሲናን ድንጋዮቹን በብረት አያይዞ በቀለጠ እርሳስ ካጣበቀ በኋላ፣ ጉልላቱን በአራት ግዙፋን አዕማድ ላይ አሳረፈ፤ በመግቢያውና በቂብላው በኩል በሁለት ግማሽ ጉልላቶች አስደገፈው፤ እነርሱም የተቀበሉትን ግፊት ለታናናሾቻቸው እያቀበሉ እስከ መሠረቱ ያወርዱታል። በቀኝና በግራ ብርሃን እንዲገባ ፈልጎ መስኮት የሞላበት ግድግዳ አቆመ፤ ግድግዳውን የሚደግፉትን ወፋፍራም ግንቦችም በውስጥና በውጭ ሰገነቶች መካከል ሸሸጋቸው። ለእኔ የሲናን ጥበብ ከጉልላቱ ትልቅነት ይልቅ በዚህ መሸሸግ ይታየኛል። የዘይት ቀንዲሎቹን ጢስ እንኳ ከመግቢያው በላይ ወዳለች ትንሽ ክፍል እንዲሳብ ስላደረገ፣ የተጠራቀመው ጥቀርሻ የጸሐፍት ቀለም ይሆን ነበር፤ የእኛ የብራና ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለማቸውን ከድስት ጥላሸት ያወጡ ስለነበር፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ይህን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ መስጊዱ ብቻውን የቆመ አይደለም። ቱርኮች ኩሊየ በሚሉት በዚህ የሕንፃዎች ማኅበር ውስጥ የሕግና የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ ድውያን የሚታከሙበት ቤት፣ የመጻተኞች ማረፊያና መታጠቢያ ቤት ሲገኙ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ኢማሬት የሚባለው ማእድ ቤት ነው። ለምሳሌ የሱልጣኑ ሚስት ሑረም በ1552 በኢየሩሳሌም ባቋቋመችው ኢማሬት ጠዋት የሩዝ፣ ማታ የስንዴ ሾርባ ከዳቦ ጋር ለነዳያን ይታደል ነበር፤ በበዓል ቀንም የበግ ሥጋ ያለበት ሩዝና በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ጣፋጭ ይጨመርበት ነበር።

ይህ ሁሉ ይተዳደር የነበረው በወቅፍ ነው፤ መንደር፣ ወፍጮ፣ ሱቅ ወይም መታጠቢያ ቤት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ተደርጎ ይታሰራል፤ የሚወጣው ገቢ ብቻ ነው። አርዲቦ የራሱን ውኃ ይዞ ትርፉን ብቻ ወደ ታችኛው ወደ ሎጎ ሐይቅ እንደሚለቅ፣ ወቅፍም ዋናውን ሳይነካ ትርፉን ለድኃው ያፈስሳል።

ወሎ ይህንኑ መስጊድን ከትምህርትና ከማእድ የማጣመር ሥርዓት ያለ እርሳስና ያለ ጉልላት ያውቀዋል። ሼህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ግድም የመሠረቱት ጃማ ንጉሥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ያረፉት የሼህ ቡሽራ ስፍራ የሆነው ጌታ፣ ወደ ሰሜንም ዳና፣ ሁሉም ሐሪማ የሚባሉ የትምህርትና የአምልኮ ስፍራዎች ናቸው፤ መስጊዱ በመካከል፣ የሼሁ መቃብር በአጠገቡ፣ ከሩቅ አገር ለቂርአት የመጡት ደረሶች ጎጆዎች በዙሪያው። እንደ ሱለይማኒያ በሱልጣን ደብዳቤ የታሰረ መንደር የላቸውም፤ ደረሳው የሚበላው ጎረቤቱ ከጎተራው ቀንሶ የሰጠውን ነው። በድርቅ ዓመት ሰጪውና ተቀባዩ አብረው ስለሚራቡ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ርስት በዐዋጅ አይወረስም።

የቱርኩ ተወርሷል። በ1826 ወቅፎቹ ከመንግሥት ሚኒስቴር በታች ገቡ፤ በ1924 መድረሳዎቹ በሕግ ተዘጉ፤ የሱለይማኒያ ኢማሬትም ሰው በገንዘቡ የሚመገብበት ምግብ ቤት እስከ መሆን ደረሰ። በጃማ ንጉሥ ግን ለመውሊድ የሚጎርፈው ሕዝብ፣ መንዙማው እየተዜመ፣ ከታረደው በሬ ሲካፈል ሒሳብ የሚጠይቀው የለም።